ደም ሳይቀዳ መድኃኒቱን መለካት

ቡና ሰውነት ላይ እንደሚሠራ ለጅማ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ጠዋት ስኒው ሲቀር ራሱን የሚያመው፣ አቦል ሳይቀምስ ሥራ የማይያዝለት ሰው በየቤቱ አለ። በሐኪሞች ዘንድ ደግሞ ካፌይን በትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የአንጎላቸው የአተነፋፈስ ማዕከል ገና ስላልጠና አንዳንዴ ትንፋሻቸውን ያቋርጣሉ። ለእነርሱ ካፌይን ሲትሬት ይሰጣቸዋል፤ አንጎላቸውን እየቀሰቀሰ ትንፋሻቸውን ያስቀጥላል።

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ የጠጣው ካፌይን በደሙ ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ግን ያው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 100 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ጉበቱ ካፌይንን የመሰባበር ሥራውን በቅጡ አልጀመረምና። በነፍሰ ጡር ሴት ጊዜው ይረዝማል፣ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ያጥራል። ስለዚህ «ስንት ሚሊ ግራም ተሰጠ?» የሚለው ጥያቄ ከመንገዱ ግማሽ ላይ ጥሎን ይቀራል። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሰውነት ውስጥ ስንት እንዳለ ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ጠቃሚ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪ አለው፤ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ ክኒኑ ውስጥ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ያህል መድኃኒት መኖሩን ያጣራል። ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ ያለው ጉዳይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ፋርማሲ፣ ከአንድ እሽግ፣ አንድ ዓይነት ክኒን ውጠው የአንደኛው ደም ውስጥ የሚገኘው ከሌላኛው ሊራራቅ ይችላል። ዘር፣ ዕድሜ፣ የጉበትና የኩላሊት ጤና፣ አብሮ የተወሰደ ሌላ መድኃኒት፣ የተበላው ምግብ ሁሉ ድርሻ አለው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ጫትን መዘንጋት አይቻልም፤ በየመን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ጫት እየተቃመ የተዋጠ አምፒሲሊን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በደም ውስጥ ያለን መድኃኒት ለመለካት የታወቀው መንገድ ደም መቅዳት ነው። ክንድ ይታሰራል፣ መርፌ ይገባል፣ ደሙ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከርና ቀዩ ሕዋስ ወደ ታች ሲወርድ ብጫው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። ከፕላዝማው ውስጥ ፕሮቲኑ በኬሚካል እንዲረጋ ተደርጎ ይወገዳል፤ የቀረው ወደ መለኪያው መሣሪያ ይገባል። ዘዴው ለብዙ ዘመን አገልግሏል፤ ለብዙ ሥራም አሁንም የሚበቃ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደሙ ጥቂት ሲሆን ነው።

1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 90 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከእርሱ 1 ሚሊ ሊትር መቅዳት ከአንድ ጎልማሳ ከ50 ሚሊ ሊትር በላይ እንደመቅዳት ይቆጠራል፤ ያውም ምርመራው በየቀኑ ሊደጋገም ይችላል። አዲስ መድኃኒት የሚሞከርባት 25 ግራም የምትመዝን አይጥ ደግሞ ያላት ደም በሙሉ ቢጠራቀም 2 ሚሊ ሊትር በወጉ አይሞላም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በአንድ አይጥ ላይ የመድኃኒቱን ጉዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከታተል ያቅታቸውና ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰዓት የተለያዩ አይጦች ይገድላሉ። ስምንት ጊዜ መለካት ቢያስፈልግና በየጊዜው አምስት አይጥ ቢመደብ አርባ አይጥ ያልቃል። የሚገኘው ውጤትም የአንዲት አይጥ ታሪክ አይደለም፤ ከአርባ የተለያዩ አይጦች የተቀጣጠለ ነው።

ይህ የሚታይ ችግር ነው። ሁለተኛው አይታይም፤ እኔ ግን ትልቁ እርሱ ነው እላለሁ።

ደም ውስጥ የገባ መድኃኒት ሁሉ ሥራ ላይ አይደለም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ደም ውስጥ ሲደርሱ አልቡሚን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃሉ። የተጣበቀው ከደም ሥር አይወጣም፣ ሕዋስ ውስጥ አይገባም፣ አይፈውስም፣ አይመርዝም። የሚሠራው ሳይጣበቅ በነፃ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ብቻ ነው። ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ 99 በመቶው የተጣበቀ ነው፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የቀረው አንድ በመቶ ነው። ፕላዝማው ላቦራቶሪ ደርሶ ፕሮቲኑ በኬሚካል ሲረጋ ግን የተጣበቀውም ይለቀቅና ከነፃው ጋር ይደባለቃል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሁለቱ ድምር ነው።

ድምሩ መቼ እንደሚያሳስት ለማየት ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ፌኒቶይን እንውሰድ። በተለመደው ሁኔታ ዘጠኝ አሥረኛው ተጣብቆ አንድ አሥረኛው ነፃ ነው። የሚፈለገው ድምር በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ነፃው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። አሁን በምግብ እጥረት ወይም በኩላሊት ሕመም አልቡሚኑ ያነሰበትን አንድ ታካሚ እናስብ። የሚጣበቅበት ቦታ ስላነሰ ነፃው ክፍል ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። ደሙ ሲመረመር ድምሩ 8 ሚሊ ግራም ሆኖ ይገኛል። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ «ከ10 በታች ነው፣ መድኃኒቱ አንሶታል» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከ8 ሚሊ ግራም 20 በመቶው 1.6 ነው፤ ነፃው መጠን ልክ በሚፈለገው ቦታ ላይ ነበር። መጠኑ ይጨመርለታል። ፌኒቶይን ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ የሚሰባብሩት የጉበት ኢንዛይሞች አንዴ ከሞሉ ጥቂት ጭማሪ እንኳ የደም መጠኑን ያስፈነጥረዋል። ሰውየው ዓይኑ ያለፈቃዱ ይርገበገባል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰቡ በሽታው የባሰበት ይመስለዋል።

ነፃውን ክፍል ለብቻው መለካት የሚችል፣ ያውም ደም ሳይቀዳ የሚችል ዘዴ ነው እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ። ባለሙያዎች ማይክሮኤክስትራክሽን ይሉታል። ከቤተሰቡ በጣም የታወቀውን፣ በጠጣር ልባስ የሚሠራውን ዓይነት፣ የፈጠሩት በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ያኑሽ ፓቭሊሺን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያስተዋውቁት የተነሡት ለሕክምና ሳይሆን ውሃ ውስጥ ያሉ በካይ ኬሚካሎችን ለመለካት ነበር። የቡና መዓዛ ኬሚስቶችም ወዲያው ወደዱት፤ ከተቆላ ቡና የሚነሡትን ተናኝ ንጥረ ነገሮች ለመያዝ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

መሣሪያው ሲታይ ተራ ነገር ነው። ከፀጉር ወፈር ያለች፣ ውፍረቷ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ የምትሆን ሽቦ ጫፏ ላይ ስስ ልባስ ተለብጦባታል። ልባሱ የተሠራው መድኃኒቱን ከሚስቡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ሲሆን፣ ቅንጣቶቹን የሚያያይዛቸው ሰውነት የማይቆጣበት ፕላስቲክ ነው። የልባሱ ቀዳዳዎች ለትንንሽ የመድኃኒት ሞለኪውሎች ይሰፋሉ፤ ለአልቡሚን ግን ይጠባሉ። ስለዚህ ነፃው መድኃኒት ይገባል፤ ፕሮቲን ላይ የተጣበቀው ውጭ ይቀራል። ላቦራቶሪ ውስጥ በኬሚካልና በሴንትሪፊውጅ የሚደረገው ማጣራት በሙሉ እዚያው ደም ሥር ውስጥ፣ ያለ ማንም እጅ፣ ይፈጸማል።

አሠራሩም እንደዚሁ አጭር ነው። ሽቦዋ በመርፌ ውስጥ እንደተሸሸገች፣ ቀድሞ በተተከለ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) በኩል ወደ ደም ሥር ትገባለች። ከመርፌው ብቅ ብላ ጥቂት ደቂቃ በሚፈስሰው ደም ውስጥ ትቆያለች። ተመልሳ ስትወጣ ላይዋ ላይ የቀረው የደም ሕዋስ እንዲወርድ ለጥቂት ሰከንድ በውሃ ትለቀለቃለች፤ ከዚያ ሜታኖል ያለበት ፈሳሽ በያዘ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትነከራለች። መድኃኒቱ ከልባሱ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፣ ፈሳሹ ወደ መለኪያው መሣሪያ ይሄዳል።

ባለሙያ ሴት የወጥ ጨው ለማወቅ ድስቱን አትገለብጥም፤ በጭልፋ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ወጡም ቀመሰችው ብሎ አይጎድልም። የሽቦዋም ብልሃት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ግን ከምሳሌው የበለጠ ያስገርማል። ልባሱ 15 ሚሊ ሜትር ቢረዝምና 0.045 ሚሊ ሜትር ቢወፍር ጠቅላላ ይዘቱ ግማሽ ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው፤ የአንድ ጠብታ ደም መቶኛ እንደማለት ነው። ይህች ኢምንት ልባስ መድኃኒቱን ከደሙ ይልቅ 100 እጥፍ ትወዳለች እንበል። በደሙ ውስጥ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ነፃ መድኃኒት ካለ፣ ሽቦዋ የምትይዘው 50 ናኖ ግራም ይሆናል። ለሰውነቱ ይህ ከምንም አይቆጠርም፤ የተጣበቀውና ነፃው መድኃኒት የነበራቸው ሚዛን አይናጋም። ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ለይቶ ለሚለካው ለዘመናዊ ማስ ስፔክትሮሜትር ግን 50 ናኖ ግራም ድግስ ነው።

ከዚሁ ስሌት አንድ ያልተጠበቀ ጥቅም ይወጣል። ሽቦዋ የምትይዘው በልባሱ ይዘት፣ በመድኃኒቱ ጠባይና በነፃው መጠን ብቻ ይወሰናል። በዙሪያዋ ያለው ደም 90 ሚሊ ሊትር ይሁን 5 ሊትር ለውጥ የለውም። በሌሎች ዘዴዎች መጀመሪያ የሚጠየቀው «ናሙናው ስንት ሚሊ ሊትር ነበር?» የሚለው ነው፤ እዚህ ጥያቄው ራሱ ይቀራል። ዘዴው ለሕያው ፍጡር የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሕያው ደም ሥር ውስጥ የናሙናውን ልክ ማን ሊሰፍር ይችላል?

እስካሁን አንድ ነገር ሸፋፍኜ አልፌአለሁ፤ ጊዜን። ልባሱና ደሙ ሚዛን ላይ እስኪደርሱ፣ ማለትም የሚገባውና የሚወጣው እስኪተካከል፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ ልባሱ ውፍረት ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ይፈጃል። መድኃኒት ደግሞ በሰውነት ውስጥ ቆሞ አይጠብቅም። ሽቦዋ አንድ ሰዓት ብትቀመጥ የምትነግረን የሰዓቱን አማካይ እንጂ የደቂቃውን አይደለም። ሚዛን ላይ ሳትደርስ በ2 ደቂቃ ብትወጣ ደግሞ የያዘችው የመንገዱን ስንተኛ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ያም በደሙ ፍጥነት ይለያያል።

ለዚህ የተገኘው መላ ለእኔ ከዘዴው ሁሉ ያምራል። ሽቦዋ ከመግባቷ በፊት ልባሷ ላይ የሚለካውን መድኃኒት የመሰለ ንጥረ ነገር በታወቀ መጠን ይጫንባታል። ጠባዩ በሁሉ ነገር ያው መድኃኒት ነው፤ ልዩነቱ ከሃይድሮጂን አቶሞቹ አንዳንዶቹ ዲዩተሪየም በተባለው ከባድ ሃይድሮጂን መተካታቸው ብቻ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትሩ በክብደት ይለያቸዋል። ሽቦዋ ደም ውስጥ ስትገባ ከባዱ መውጣት ይጀምራል፣ የታካሚው መድኃኒት መግባት ይጀምራል፤ የሚወጣውና የሚገባው ደግሞ እኩል ይራመዳሉ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከተጫነው 40 በመቶው ወጥቶ ከተገኘ፣ የታካሚውም መድኃኒት ወደ ሚዛኑ ከሚያደርሰው መንገድ 40 በመቶውን ሄዷል ማለት ነው። ሽቦዋ ላይ 20 ናኖ ግራም ከተገኘ ሙሉው 50 ናኖ ግራም ይሆን ነበር። ደሙ በፍጥነት ቢፈስስ ሁለቱም ይፈጥናሉ፣ ቢዘገይ ሁለቱም ይዘገያሉ፤ ስሌቱ አይዛነፍም።

እ.ኤ.አ. በ2003 የዋተርሉ ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር በቢግል ውሾች ላይ ያወጣው ሥራ ለዚህ ሁሉ መነሻ ነበር። ለውሾቹ ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ በእግራቸው ደም ሥር በተተከለ ካኑላ በኩል ሽቦዎች እየገቡ የዲያዜፓምንና ከእርሱ የሚወለዱትን ንጥረ ነገሮች ጉዞ ተከታትለዋል። ለሽቦዋ ደም መቅዳት አላስፈለገም፤ ውሾቹን መግደልም አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ ሽቦዋ ወደ አይጥ፣ ወደ ዓሣ ጡንቻ፣ ወደ አንጎል ገብታለች። በቶሮንቶ የሳንባ ካንሰር ሐኪሞች ዶክሶሩቢሲን የተባለውን መድኃኒት ለሳንባ ብቻ ለይተው ሲያፈስሱ ምን ያህሉ ሥጋው ውስጥ እንደገባ ለማወቅ በአሳማ ሳንባ ላይ ተጠቅመውባታል። ሥጋ ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ ቀጭን ሽቦ ሰክቶ ማውጣት ለሳንባው ይቀልለዋል። ከላይ የጠቀስኳቸው አርባ አይጦችም ቢሆኑ አምስት ይበቃሉ ማለት ነው፤ እያንዳንዷ ስምንቱንም ጊዜ በሕይወት ሆና ትለካለች።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ዘዴዎች አሉ። ማይክሮዳያሊሲስ ከማይክሮኤክስትራክሽን ይቀድማል፤ በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የዳበረ ነው። አንጎል ወይም ጡንቻ ውስጥ የሚገባ፣ ግድግዳው የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አለው፤ በውስጡ ፈሳሽ በደቂቃ 1 ወይም 2 ማይክሮ ሊትር እየፈሰሰ መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል። እርሱም ነፃውን ክፍል ነው የሚለካው። ውሃ ለሚወዱ ንጥረ ነገሮች ጎበዝ ነው፤ ቅባት የሚወዱት ግን ቱቦው ላይ እየተጣበቁ ያስቸግሩታል፤ ሽቦዋ ደግሞ የምትጎብዘው በእነዚያ ነው። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ የጤና ባለሙያዎቻችን አሳምረው የሚያውቁት ነው፤ ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት የሚመረመሩት በእርሱ ነው። ደሙ ጥቂት ነው እንጂ ያው የተቀዳ ደም ነው፤ የሚለካውም ድምሩን ነው። በፈሳሽ ጠብታ የሚሠሩት የማይክሮኤክስትራክሽን ዓይነቶችም አሉ፤ ሲሪንጅና ሴንትሪፊውጅ ብቻ ስለሚበቃቸው በአገራችን የኬሚስትሪ ላቦራቶሪዎች የፀረ ተባይ ቅሪት ለመለካት ይወደዳሉ። እነርሱ ግን የሚሠሩት ናሙናው ከወጣ በኋላ ነው፤ ሕያው አካል ውስጥ አይገቡም።

ሽቦዋ ይህን ያህል ከተመሰገነች በየሆስፒታሉ ለምን አልገባችም? ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ጀርም የሌለበት፣ የማይሰበር፣ ደም የማያረጋ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ማረጋገጡም ውድና ረጅም ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ልባሱ ምን ያህል እንደሚስበው ለብቻ መጠናት አለበት፤ በደም የተጠናው ለጉበት አይሆንም፣ ለጉበት የተጠናው ለአንጎል አይሆንም። ከሁሉ የከበደው ግን መጨረሻ ላይ ያለው መሣሪያ ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር ቀን ከሌት አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ የሚቆይ ባዶ ቦታ (ቫኪዩም)፣ ንጹሕ ናይትሮጅንና የማይዋዥቅ መብራት ይፈልጋል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሲመለስ መሣሪያው እንደገና እስኪረጋጋ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ዕቃ ከተሰበረ መለዋወጫውም የሚጠግነውም ሰው ከባሕር ማዶ ነው። ውድ መሣሪያ በልመናም በእርዳታም ይገኛል፤ ለዓመታት ማሠራት ነው የሚቸግረው። የሽቦዋን መርቀቅ እያደነቁ ይህን ሳያነሡ የሚያልፉ ጽሑፎች አይጥሙኝም።

ስለዚህ ጅማ ላይ ከየት ይጀመር ቢባል፣ ከደም ሥር አልጀምርም። ያቺው ሽቦ ከሰውነት ውጭም ትሠራለች። የሚጥል በሽታ ያለበት ታካሚ ለሌላ ምርመራ ከተቀዳለት ደም ጥቂት ፕላዝማ ወደ ብልቃጥ ይጨመራል፤ ፕሮቲኑ በኬሚካል ሳይነካ ሽቦዋ ትነከርበታለች፤ የምትይዘው አሁንም ነፃውን ፌኒቶይን ነው። በሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም የሚሆን ፌኒቶይን ለማየት ማስ ስፔክትሮሜትር የግድ አይደለም፤ የመድኃኒት ጥራት የሚመረመርበት፣ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለያየው ተራው ኤች ፒ ኤል ሲ ከአልትራቫዮሌት መለኪያው ጋር ይደርስበታል። ሽቦዋ ደም የማትፈጅ መሆኗ ለጊዜው ይቀራል፤ ድምሩንና ነፃውን መለየቷ ግን አብሯት ይኖራል። አልቡሚናቸው ያነሰ ታካሚዎችን ለይቶ፣ የሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ስንቶቹ ላይ ድምሩ እንደሚያሳስት ማየት ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውንም ብዙ አያስጨንቅም። ያለጊዜያቸው ለሚወለዱት ሕፃናት ካፌይን ደግሞ ምራቅ አለ፤ ነፃው ካፌይን በቀላሉ ወደ ምራቅ ያልፋልና፣ ከአፋቸው በጥጥ የተጠረገ ጥቂት ምራቅ ከክንዳቸው የሚቀዳውን ደም ብዙ ጊዜ ሊተካ ይችላል።